በጎን ያለፈው ውሃ

አማካሪ መምህሬን ፊት ለፊት ሳገኘው «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ለማይገባው ሰው ያፈሰስኩት አክብሮት ይበቃዋል።

የዶክትሬት ትምህርቴን የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። የጥናቴ ነገር ሲያወሩት ትልቅ ይመስላል፤ ሥራው ግን ከዕቃ አጣቢ ሥራ ብዙም አይርቅም። ከሰው የተወሰዱ፣ አጥንት መሥራት የሚችሉ ሕያው ሴሎች የጣት ጫፍ በምታህል፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛባት ቁራጭ ላይ ይዘራሉ። ቁራጯ ባዮሪያክተር በሚባል ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ምግብ የያዘ ፈሳሽም ያለማቋረጥ በውስጧ እንዲያልፍ ይደረጋል። ፈሳሹ በስሱ ካልነካካቸው ሴሎቹ ይሰንፋሉ፤ ከመጠን በላይ ከገፋቸው ደግሞ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። የእኔ ሥራ ፈሳሹ በየት በየት፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚያልፍ ማወቅ ነበር። ዓላማው አንድ ቀን አጥንቱ ለጎደለ ሰው ከራሱ ሴል አጥንት ማብቀል ነው። አንድ ቀን ነው ያልኩት፤ ገና ነው።

መምህሬ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳው አይፈልግም። እጁን ውሃ ሲነካው አይቼ አላውቅም። ላቦራቶሪ ሲገባ ሁለቱን እጆቹን ከኋላው አጣምሮ፣ የሰው ቤት ዕቃ እንደሚገምት ደላላ እየተዘዋወረ አይቶ ይወጣል። ኩራቱ አንድ ሥዕል ነበር። ሲሙሌሽን በሚባል የኮምፒዩተር ስሌት የተሠራ፣ ፈሳሹ በቁራጯ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ በቀለም የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንን አረንጓዴ ያሳያል፤ በስብሰባ ያሳያል፤ በትልቁ አሳትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እንደ እሱ አነጋገር ፈሳሹ እያንዳንዷን ሴል እኩል ይዳብሳታል።

የእኔ ቁራጮች ግን ሥዕሉን አላዩትም መሰለኝ። ሦስት ሳምንት አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ ሙቀታቸውን ጠብቄ አወጣና በምላጭ ለሁለት እሰነጥቃቸዋለሁ። ዳር ዳሩ ሕይወት አለው። መሐሉ ግራጫ ነው፣ ይሸታል፣ ሞቷል። አንድ ጊዜ ቢሆን እድል ነው ይባላል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲያው ሆነ።

ሦስተኛው በሞተ ሳምንት፣ በቡድናችን ስብሰባ ላይ፣ መምህሬ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበራና የእኔን የተሰነጠቀ ቁራጭ ፎቶ ከጎኑ አስቀመጠ።

«ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ነው» አለ። «ይህ ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ አይዋሽም። ስለዚህ ችግሩ እጅሽ ነው።»

«እጄ ምን አደረገ ዶክተር?» አልኩት።

«ንጽሕና። የልማድ ነገር ነው፤ አልፈርድብሽም። ሰው ያደገበትን ይዞ ነው የሚመጣው።» ሳቀ። ከእሱ በፊት ለመሳቅ የሚሽቀዳደሙት ጓደኞቼም ሳቁ።

እኔም ፈገግ አልኩ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ የሚግለው በእሱ ንግግር አይደለም፤ በዚያች ፈገግታዬ ነው።

«ከፋሲካ በኋላ አራተኛውን ትሠሪያለሽ» አለኝ። «በታጠበ እጅ።»

ለፋሲካ አገሬ ቢቸና ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ሳምንት ቆይቶ መመለስ ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ግን በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘጋ፤ ኔትወርክም ጠፋ። ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ሁለት ወር ሆነ። መጀመሪያ ላይ ላፕቶፔ ላይ እሠራለሁ ብዬ ነበር። ያ የተከበረ ሲሙሌሽን የሚሠራበት ፕሮግራም ግን በየጊዜው ፈቃዱን በኢንተርኔት ካላጣራ አይከፈትም። መብራት በመጣ ቁጥር እከፍተዋለሁ፤ ኢንተርኔት የለሽም ብሎ ይዘጋብኛል። አምስት ዓመት የተማርኩት ነገር ቢቸና ላይ ያለ ኔትወርክ አንዲት መስመር እንኳ መሥራት እንደማይችል ያወቅኩት ያኔ ነው።

የሠፈሩ ሰው ጥያቄ ደግሞ ነበር። አጥንት ታበቅላለች የሚል ወሬ ቀድሞኝ ገብቷል። አንዷ ጎረቤታችን «እንደ ጎመን ነው የምትተክሉት?» አለችኝ። የእናቴ ወንድም «ወጌሻ ለመሆን ይህን ሁሉ ዓመት?» ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። መልስ ለመስጠት እንኳ አልደከምኩም። ያን ሰሞን ከእኔ በታች ያልሆነ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ሲረግጥሽ ከታችሽ የምትረግጪውን ትፈልጊያለሽ።

አባቴ ግን አልጠየቁኝም። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ንቀትን የተማርኩት ከሌላ ሰው አይደለም፤ ከእሳቸው ነው። የላላ ቅኔ ይዞ የሚቀርብ ተማሪ ሲገጥማቸው አይቆጡም፣ አይሳደቡም። «እህ» ይሉና ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ያቺ «እህ» ከአለንጋ ትብሳለች። እሷን ፈርተው ሌላ መምህር ፍለጋ ጉንደ ወይን ድረስ የሄዱ ተማሪዎች እንደነበሩ እናቴ በሕይወት ሳለች ትነግረን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ብራና ሲያለዝቡ፣ ሳላስበው ስለ ሞቱት ቁራጮቼ ነገርኳቸው። እጄ ቆሻሻ ነው መባሌን ብቻ ደበቅኳቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ፈሳሹ በመሐሉ ሲያልፍ አይተሽዋል?» አሉኝ።

«አይታይም አባባ። ዕቃው ብረት ነው።»

«ታዲያ ማለፉን በምን አወቅሽ?»

«በኮምፒዩተር ይሰላል።»

«እህ» አሉ። ጋቢያቸውንም አስተካከሉ።

ደሜ ፈላ። እንደዚያ ቀን ተናድጄባቸው አላውቅም። በሕይወታቸው ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ሰው የእኔን ትምህርት በአንዲት ትንፋሽ ሲጥሉት! ስለዚህ ላሳያቸው ቆረጥኩ። የሚታይ ዕቃ እሠራለሁ፣ ፈሳሹ በመሐሉ ሲያልፍ በዓይናቸው ያያሉ፣ ያቺን «እህ» መልሰው ይውጧታል። የጀመርኩት ለሳይንስ ብዬ አይደለም፤ አባቴን ለማሳፈር ነው።

ከመድኃኒት ቤት ለሕመምተኛ ግሉኮስ የሚሰጥበትን ከረጢትና ቀጭን ቱቦ አገኘሁ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆረጥኩ። የጎደለኝ ስፖንጁን የማስቀምጥበት፣ አውራ ጣት የሚያህል ወፍራምና ውስጡ የሚታይ ቱቦ ነበር። ቢቸና ጠፋ። መንገዱ ለጥቂት ቀናት እስከ ሞጣ ተከፍቷል ሲባል፣ እዚያ የምታስተምረውን እህቴን ልጠይቅም ብዬ በሚኒባስ ሄድኩ።

እህቴ የጠቆመችኝ ሱቅ ከገበያው ዝቅ ብሎ ያለ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ ውስጥ ነግዶ የኖረ። ከተማው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። የውሃ ፓምፕ፣ ቧንቧ፣ ጎማ፣ መያዣ ብሎን እስከ ጣሪያ ተከምሮ፣ እሳቸው መሐሉ ላይ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ።

የምፈልገውን ስነግራቸው ከጥቅሉ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠው ሰጡኝና «ለምን ሊሆን ነው?» አሉ።

«ለጥናት ነው። ብነግርዎት አይገባዎትም» አልኳቸው። ልክ እንደዚህ ነው ያልኩት።

አልተቀየሙም። «ውሃ ታሳልፊበታለሽ?»

«አዎ።»

«ባዶውን ነው?»

«መሐሉ ላይ ስፖንጅ አለ። ውሃው በስፖንጁ ውስጥ ነው የሚያልፈው።»

«ስፖንጁን በምን ታጠብቂዋለሽ?»

«ማጥበቅ አያስፈልገውም፤ በልኩ ነው የቆረጥኩት።»

«በልኩ» አሉና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ውሃ ሰነፍ ነው። በስንቱ ቀዳዳ ተሽሎክልኮ ከሚያልፍ፣ በጎን በኩል ፀጉር የምታህል ክፍተት ካገኘ በእሷ ይሄዳል። ገበሬዎቹ የፓምፕ ማጣሪያ ከእኔ ይገዛሉ። ወር ሳይሞላ ‹ጭቃ አሳለፈ፣ ሸወድከን› ብለው ይመልሱልኛል። ማጣሪያው ምንም አልሆነም። ውሃው በጎኑ ነው ያለፈው።»

«በእኛ ሥራ ጠርዙ የተዘጋ ነው ተብሎ ነው የሚሰላው» አልኩ።

«ማን ዘጋው?»

ሒሳቤን ከፈልኩ። ቱቦዬን ይዤ ወጣሁ። እስከ እህቴ ቤት ድረስ በልቤ «የቧንቧ ነጋዴ!» እያልኩ ሄድኩ። ሰውዬው የነገሩኝ ነገር ትክክል ይሁን ስህተት ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። የተናገረው ማን ነው ብዬ ብቻ ነው ያሰብኩት። ይህንን ከመምህሬ በደንብ ተምሬዋለሁ።

ቢቸና ተመልሼ፣ በጠዋቱ ብርሃን፣ ከረጢቱን ውሃ ሞልቼ ከበረንዳው ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ቀጭኑን ቱቦ ከወፍራሙ ጋር በፕላስተር አያያዝኩ። ስፖንጁን አርጥቤ ከተትኩት። ለቀለም አባቴ የቅዱሳንን ስም የሚጽፉበትን ቀይ ቀለም ጥቂት ለመንኳቸው። ሰጡኝ፤ በርጩማቸውንም ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

ውሃው መውረድ ጀመረ። በስሪንጅ ቀዩን ቀለም ከላይ ለቀቅኩት። ቀለሙ እንደ ክር ቀጥኖ ወረደና ስፖንጁ ራስ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ ወደ ዳር ተሳበ፣ በስፖንጁና በቱቦው መካከል ባለችው፣ በዓይኔ እንኳ በማላያት ክፍተት ገባና በአንድ ጊዜ ታች ደረሰ። የስፖንጁ ገላ በቀይ ቀለበት ታጥሮ ቆመ። ደግሜ ለቀቅኩ። ደግሞ በጎን። አጥብቄ የቆረጥኩትን ሌላ ስፖንጅ ከተትኩ። ያም በጎን፤ ትንሽ ዘግይቶ ብቻ።

ስፖንጁን አውጥቼ በምላጭ ሰነጠቅኩት። ዳር ዳሩ ቀይ ነው። መሐሉ እንዳለ ነጭ ነው፤ ጠብታ አልነካውም። ሦስት ጊዜ የሞቱብኝ ቁራጮች ፎቶ ስልኬ ላይ ነበር። አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት። የሕያዋኑና የሙታኑ ድንበር፣ የቀዩና የነጩ ድንበር፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ነበራቸው። ሴሎቼ የሞቱት በቆሻሻ አይደለም። በረሃብ ነው። ምግቡ በደጃቸው እያለፈ አልገባላቸውም።

አባቴ «እህ» አላሉም። ስፖንጁን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙትና «ሦስቱንም እንዲህ ነው የገደልሻቸው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«እጅሽ ነው ብለውሽ ይሆናል እኮ።»

ደነገጥኩ። አልነገርኳቸውም ነበር። ስፖንጁን መለሱልኝ፤ እኔ ግን ገብቼ አለቀስኩ።

ሲበርድልኝ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሲሙሌሽኑ ባይከፈትም የድሮ ፋይሎች አሉ። የብረቱ ዕቃ መጀመሪያ ሲሠራ የተነደፈበትን ሥዕል ፈለግኩ፤ ከእኔ በፊት የነበረ ተማሪ የነደፈው ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። በሥዕሉ ላይ ቁራጯ ዙሪያዋን በጎማ እጅጌ ታቅፋለች። እጅጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰርዟል፤ ከጎኑም በማውቀው በመምህሬ እጅ ጽሑፍ «አያስፈልግም፣ ስሌቱን ያወሳስባል» ይላል።

የሰውየውን ልክ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም። እሱ ግን ሥዕሉ እንዲያምርለት ጎማውን አወጣ፤ ጎማው ሲወጣ ውሃው በጎን አለፈ፤ ውሃው በጎን ሲያልፍ የእኔን እጅ ቆሻሻ አለ። እንዳላጋንን ደግሞ ልናገር፤ ይህ ነገር አዲስ ግኝት አልነበረም። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ቁራጯን ዙሪያዋን ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፤ ባነበብኳቸው ጽሑፎች ውስጥም ተጽፏል። እኔም አንብቤ አልፌዋለሁ። መምህሬ ተዘግቷል ካለ ተዘግቷል ብዬ። የንቀቴን ግማሽ ለራሴ ያስቀረሁት ለዚህ ነው።

ከአሮጌ ሸበጥ የጎማ ቀለበት ቆርጬ ከስፖንጁ ራስ ላይ አጠበቅኩ። ቀለሙ አሁን በስፖንጁ አናት በኩል ገባ፤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ጎን ሾልኮ ወጥቶ በለመደው ክፍተት ወረደ። አንድ ሳምንት ታገልኩት። በመጨረሻ፣ የሞጣው መንገድ ዳግም ሲከፈት፣ ኩራቴን ውጬ ተመልሼ ሄድኩ።

ሐጂ አስታወሱኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ቱቦው አነሰሽ?» አሉኝ። በስልኬ የቀረጽኩትን አሳየኋቸው። ቀለሙ በጎን ሲወርድ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይህን ለማየት ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«አምስት።»

ስቀው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም፤ አዘኑልኝ። ተነስተው ከጥግ አሮጌ የብስክሌት ጎማ አነሱና ውስጡ የሚነፋውን ቀጭን ከመነዳሪ አወጡ። ጣት የምታህል ቆረጡ።

«ቀለበት በአናቱ ላይ ብቻ ቢታሰር ገላው ክፍት ነው» አሉ። «ዙሪያውን በሙሉ አልብሺው። እንደ ካልሲ። ጠበብ ብሎ ይያዘው እንጂ አይጭመቀው፤ ከጨመቅሽው መግቢያውም ይዘጋል።»

«አይጭመቀው» ያሉትን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በሒሳብ ብጽፈው ሁለት ገጽ ይወስዳል።

ቢቸና ስመለስ ስፖንጁን ካልሲውን አለበስኩት። ከመነዳሪው ጥቁር ስለሆነ ውስጡ አይታይም፤ ቀለሙን ለቅቄ ከታች ብቻ ጠበቅኩ። ከወትሮው እጅግ ዘገየ። ተዘጋ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ከስፖንጁ ግርጌ፣ ከዳር ሳይሆን ከሙሉ ፊቱ፣ ቀላ ያለ ውሃ መውጣት ጀመረ። አውጥቼ ሰነጠቅኩት። ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። አባቴን ጠራኋቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበርና ብቻዬን ቆሜ አየሁት። እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም። ውጤቱን በየመጠኑ፣ ከረጢቱን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ፣ እስኪሰለቸኝ ድረስ ደጋግሜ ቀረጽኩት።

የአዲስ አበባው መንገድ ሲከፈት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓባይ ድልድይን ስንሻገር ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ያያል፤ እኔ ለመምህሬ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ነበር።

ቢሮው ገብቼ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። የአንዱን ቪዲዮ ግማሽ አይቶ ስልኩን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው።

«ይህ የልጅ መጫወቻ ነው። የፍራሽ ስፖንጅ! በፍራሽ ስፖንጅ ዶክትሬት አይሰጥም።»

«ሥዕሉ ላይ የሰረዙት እጅጌ ግን የልጅ መጫወቻ አልነበረም» አልኩና ያሳተምኩትን የድሮ ንድፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

አተኩሮ አየው። የገዛ እጅ ጽሑፉን ለማንበብ የተቸገረ ይመስል ነበር።

«ያኔ የነበረው ሁኔታ ሌላ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሁን ሥራ አለብኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው በተቀመጠበት፣ መምህሬ ተነስቶ «የጠርዙን ጉዳይ ከሲሙሌሽኑ ተነስቼ ስጠረጥረው ቆይቻለሁ» አለ። ሲሊኮን እጅጌ እንዲሠራ ለወርክሾፑ አዝዣለሁ አለ። ጓደኞቼ ማስታወሻ ያዙ። አንዱ «በጣም ድንቅ ዕይታ ነው ዶክተር» አለው። ስለ ቆሻሻ እጅ ማንም አላነሳም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብዬ ተውኩት፤ እጅጌው ይሠራልኝ እንጂ የማንም ይባል።

እጅጌው ተሠራ። አራተኛውን ቁራጭ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሰነጥቀው መሐሉ አልሸተተም። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ አንዳንድ ቦታ ሳስቶ ነበር። ግን ሕይወት ነበረው። በማይክሮስኮፕ ስር፣ የዓባይን ገደል በመሰለ ቀዳዳ ውስጥ፣ ሴሎቹ ተያይዘው ተዘርግተው አየኋቸው። የማጉያውን ዓይን ለቅቄ መነሳት አልቻልኩም።

ጽሑፌን ስጨርስ በምስጋናው ገጽ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ አንዱ ስለ አባቴ፣ አንዱ «ውሃው በጎን እንደሚያልፍ ለነገሩኝ የሞጣ ነጋዴ» የሚል። መምህሬ የአባቴን ተወልኝ። ሁለተኛውን ሰረዘው።

«የቧንቧ ነጋዴ በዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል? ይስቁብናል።»

ፊርማው ያስፈልገኝ ነበር። «እሺ ዶክተር» አልኩ። መስመሩንም በገዛ እጄ አጠፋሁት። ስለ እሱ ንቀት ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ እሱ ግን የሰረዘው በእስክሪብቶ ነው፣ ከፋይሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጽሑፌን በተከላከልኩበት ቀን ከፈታኞቹ አንዷ፣ ጠንቃቃ ሴት፣ «ፈሳሹ በጎን እንደሚያልፍ እንዴት ደረሳችሁበት?» ብላ ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት መምህሬ ከተቀመጠበት «በሲሙሌሽን ነው…» ብሎ ጀመረ።

«ሲሙሌሽኑ አላየውም» አልኩ።

«ታዲያ ምን አየው?» አለች ፈታኟ።

«ቀይ ቀለም። ቢቸና፣ ቤቴ፣ በግሉኮስ ከረጢትና በስፖንጅ ነው የሞከርኩት። ቪዲዮው አለኝ።»

አሳዪኝ አለችኝ፤ አሳየኋት። ደስ አላት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ሐጂን ግን አልጠቀስኩም። ድፍረቴ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነበር የዘለቀው። ፈተናውን አለፍኩ። ፎቶ ሲነሳ መምህሬ ትከሻዬን አቅፎ ከሁሉም ሰፋ አድርጎ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታውን ነፈገኝ፤ ፎቶውን ግን በየቦታው ለጥፎታል።

አሁን ሌላ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ባለፈው ክረምት እህቴን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ሱቁ ጎራ አልኩ። ሐጂ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ በርጩማቸው ግን ያው ቦታ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መምህሬ እንዴት የራሱ እንዳደረገው፣ የእሳቸውን ነገር እንዴት እንደሰረዘው፣ እኔም እንዴት እሺ እንዳልኩ። ይቆጡልኛል ብዬ ነበር። ወይም ይቆጡኛል።

«አጥንቱ ሰው ቆመበት?» አሉኝ።

«ኧረ ገና ነው። ከላቦራቶሪ አልወጣም።»

«እህ፣ ታዲያ ገና ማንም ባልቆመበት አጥንት ነው ይህን ሁሉ የምትባባሉት?»

ልመልስላቸው ስል አንድ ገበሬ የፓምፕ ጎማ ይዞ ገባ። ሐጂ ወደ እሱ ዞሩና የተቀደደውን ቦታ በጣታቸው እየዳበሱ ይጠይቁት ጀመር። ጥቂት ቆየሁ። ጨዋታቸው ረዘመ። ዝናቡ ሳይመጣ ብዬ ተሰናብቻቸው ወደ እህቴ ቤት ወጣሁ።